የድሮ ሌንስን ለዲጂታል ካሜራ ማላመድ

የድሮ ሌንስን ማላመድ ማለት ለፊልም ካሜራ የተሠራን ሌንስ አዳፕተር በሚባል ቀለበት አማካኝነት በዲጂታል ካሜራ ላይ መግጠም ነው። ወሳኙ ነገር ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ ያለው ርቀት ነው።

ለምሳሌ በሶቪየት ኅብረት የተሠራው ሄሊዮስ 44-2፣ 42 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጥርስ ተሽከርክሮ ይገጠማል፤ ርቀቱ 45.46 ሚሊሜትር ነው። የሶኒ ሚረርለስ ካሜራዎች ርቀት 18 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 27.46 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ቀለበት ልዩነቱን ይሞላል። የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ ግን 46.5 ሚሊሜትር ነው። ሌንሱ ያለ ቀለበት እንኳ ከሚገባው በላይ ስለሚርቅ፣ በቅርብ ያለ ፊት ጠርቶ ሲታይ ሩቅ ያለ ተራራ ይደበዝዛል። ይህን የሚያርም ተጨማሪ ሌንስ ያለበት አዳፕተር አለ፤ ሆኖም የምስሉን ጥራት ሊቀንስ ይችላል።

ፎከስና የብርሃን መክፈቻው በእጅ ይስተካከላሉ። ካሜራው ሌንስ መገጠሙን ስለማያውቅ፣ በብዙ ሞዴሎች ላይ ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅደውን ምርጫ አስቀድሞ ማብራት ያስፈልጋል።