ሳይቃጠል በቅጠል
የኮምፒዩተራችን የጓዳ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ዲሴምበር 20 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) በውጭ አገር ለሚሠሩ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ የተላከው ፋይል ተራ ጽሑፍ ይመስል ነበር። በውስጡ የያዘው ግን የስለላ ፕሮግራም ነው። ነገሩን ያጋለጠው እዚሁ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ማዕከል ነው። ማዕከሉ በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ዘገባ ፕሮግራሙን ሃኪንግ ቲም ከተባለ የጣሊያን ኩባንያ ጋር አያይዞታል። የኩባንያው ፕሮግራም ፋይል ይገለብጣል፣ የይለፍ ቃል ይሰርቃል፣ ማይክሮፎንና ካሜራ ይከፍታል።

በጁላይ 2015 ደግሞ ሌባው ራሱ ተሰረቀ። 400 ጊጋባይት ያህል የኩባንያው ምስጢር አደባባይ ወጣ። ከደንበኞቹ መካከል የኢትዮጵያው ኢንሳ ተገኘ። አብሮም ማይክሮሶፍት የማያውቀው የዊንዶውስ ጉድለት ታየ።

ጉድለቱን ለመረዳት ኮምፒዩተርን እንደ ቤት እንውሰደው። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፤ የጓዳው ቁልፍ ግን በባለቤቱ እጅ ነው። ዊንዶውስም ለተራ ፕሮግራም የእንግዳ፣ ለአስተዳዳሪው የባለቤት መብት ይሰጣል። የፊደላትን ቅርጽ በሚያነበው የዊንዶውስ ክፍል ውስጥ በነበረው ስህተት ግን ሳሎን የገባው እንግዳ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ይረከባል። ማይክሮሶፍት ጁላይ 14 ቀን 2015 መጠገኛውን አወጣ። መጠገኛውን ያልጫነ ሰው ግን ጓዳው እንደተከፈተ ቀረ።

አዳኞቹ ይህንን የማሻሻያ ልማድ ራሱን ወጥመድ አድርገውታል። ሲቲዝን ላብ በዲሴምበር 2017 እንደዘገበው፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል የተላከው ማያያዣ የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የስለላ ፕሮግራም ይጭን ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ማሻሻያን ከኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ገጽ ብቻ እንጫን፤ በመልእክት የመጣውን አንንካ። ለዕለት ሥራ በአስተዳዳሪው ሳይሆን በተራ ተጠቃሚ አካውንት እንግባ። ያልጠበቅነው ፋይል ሲመጣ ከመክፈታችን በፊት ለላኪው ስልክ እንደውል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱንም አንርሳ።

«እኔ ምን ምስጢር አለኝ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ነገር ግን በኮምፒዩተራችን ውስጥ ያለው የእኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አገር ቤት የቀሩት የእናት፣ የወንድም፣ የጓደኛ ስምና ስልክ እዚያው ነው። እኛ ቶሮንቶ ሆነን በከፈትነው በር የሚንኳኳው የእነሱ ደጅ ሊሆን ይችላል።