ሰውነትን ለማጠንከር ጥቂት ይበቃል

ደረጃውን ወጥተው ከቢሮዎ ወይም ከክፍልዎ ሲደርሱ ትንፋሽዎ ይቆራረጣልን? ቀኑን ሙሉ ከወንበር ሳይነሡ ውለው ማታ ወገብዎን ይዘው ያቃስታሉን? እንግዲያስ «ከሰኞ ጀምሮ ስፖርት እሠራለሁ» ሳይሉ አልቀሩም። ሃያ ዓይነት እንቅስቃሴ በወረቀት ይጽፋሉ፤ ሰኞ በሙሉ ልብ ይጀምራሉ፤ ሐሙስ ሰውነትዎ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ በሳምንቱ ወረቀቱም የገባበት ይጠፋል። ጥፋቱ የስንፍና ብቻ አይደለም፤ የዕቅዱም ነው።

ቶማስ ዴሎርም የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እግራቸው የተጎዳ ወታደሮችን ክብደት እያስነሣ ያክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ አንዱን እንቅስቃሴ አሥር አሥር ጊዜ፤ ከሰባት እስከ አሥር ዙር ያሠራ እንደ ነበር ገለጸ። በ1948 ግን ከባልደረባው ከአርተር ዋትኪንስ ጋር ሆኖ ሦስት ዙር እንደሚበቃ ጻፈ። ያልተወው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው እየበረታ በሄደ ቍጥር ክብደቱ ይጨመራል።

ምክንያቱም ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው ጥቂት ሲበልጥበት ነው። ያም ቢሆን የሚገነባው በሥራው ሰዓት ሳይሆን በኋላ፤ በምግብና በእንቅልፍ ነው። ስለዚህ ዕረፍቱ የሥራው ክፍል ነው።

እርስዎም በሳምንት ሦስት ቀን፤ ለምሳሌ ሰኞ፤ ረቡዕና ዓርብ፤ አራት ነገር ብቻ ይሥሩ።

አንደኛ፤ ቁጭ ብድግ።

ሁለተኛ፤ ፑሽ አፕ፤ ከመሬት ካቃተዎ መዳፍዎን በግድግዳ ላይ አድርገው ይጀምሩ።

ሦስተኛ፤ ውኃ የያዘ ጀሪካን፤ በአንድ እጅ ወንበር ተደግፈው፤ ጀርባዎን ሳያጎብጡ ዝቅ ብለው፤ በሌላው እጅ ወደ ጎድንዎ ይሳቡ፤ ከዚያም እጅ ይለውጡ።

አራተኛ፤ በሁለት እጅ ሁለት ጀሪካን ይዘው ቀጥ ብለው አንድ ደቂቃ ይራመዱ።

ከአራተኛው በቀር እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ ሁሉንም ሦስት ሦስት ዙር ያድርጉ። ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ መጨመር እንደማይችሉ ሲሰማዎ ዙሩን ያቁሙ። አሥራ ሁለቱ ሲቀልዎ በጀሪካኑ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ይጨምሩ፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና። ብረት መግዛት አያስፈልግዎም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፤ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን፤ በተጨማሪም እንደ ፈጣን እርምጃ ያለ እንቅስቃሴ ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲደረግ ይመክራል። ስለዚህ በቀሪዎቹ ቀናት ከታክሲው አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱና ፈጠን ብለው ይራመዱ።

የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ድካም ያለ ነው፤ መገጣጠሚያን የሚወጋ ሕመም ሲመጣ ግን ወዲያው ማቆም ይገባል።

በመጨረሻ አንድ ደብተር ያዘጋጁ። ቀኑንና ያነሡትን ኪሎ ይጻፉበት። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ሲያዩ፤ ደረጃውን ያለ ማለክለክ መውጣት ከጀመሩ ሰንብተው ይሆናል።