የሚወዱትን ተክል በደጅ ማሰባሰብ፦ ከአብነት ጠባብ ግቢዎች እስከ ገጠሩ ጓሮ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አብነት ከመርካቶ ብዙም ያልራቀ፣ ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩበት ነባር ሰፈር ነው። እንዲህ ባለው ሰፈር ጓሮ የሚባለው ብዙ ጊዜ በአጥርና በግድግዳ መካከል የተረፈች የክንድ ስፋት ያላት መሬት ናት። እርሷም ከሌለች የቀለም ቆርቆሮ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የተሰነጠቀ ባልዲ ወይም ያረጀ ድስት ቦታዋን ይተካል። በዚህች ጠባብ ስፍራ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ ጠጅ ሳርና አንዲት ጽጌረዳ ጎን ለጎን ሊበቅሉ ይችላሉ። ስፋቱን ብቻ ለሚመለከት ሰው ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። እያንዳንዱ ተክል ከየት እንደ መጣ ሲጠየቅ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አንዱ ከእናት ቤት፣ አንዱ ከጎረቤት፣ ሌላውም ለሐዘን ከተሄደበት አገር በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ የመጣ ሆኖ ይገኛል።

ተክል መትከልና ተክል ማሰባሰብ አንድ አይደሉም። የሚተክል ሰው ጥላን፣ ፍሬን ወይም ገቢን ያስባል። የሚያሰባስብ ሰው ግን ከዚህ በተጨማሪ የሚጎድለውን ያውቃል፤ የሌለውን ዓይነት በሰው ግቢ ሲያይ ዓይኑ ይቀራል፣ ቁራጭ ለምኖ ይወስዳል፣ ሲጸድቅለት ደግሞ የሌላውን ሰው ልመና ይጠብቃል። የዚህ ሥራ ደስታ ግማሹ በመቀበል፣ ግማሹ በመስጠት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በተለይ ቅመምና መድኃኒት የሆኑት ዕፅዋት በአገራችን ከገበያ ይልቅ በጉርብትና ሲዘዋወሩ ኖረዋል።

ለምሳሌ ኮሰረትን እንመልከት። ቅቤ ሲነጠር ሽታውን የሚሰጠው ይህ ቁጥቋጦ የሚታወቀው በዋናነት በጓሮ ነው። በዱር የሚበቅል የቅርብ ዘመድ አለው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ ዝርያ ሥር ያሉ ሁለት ዓይነቶች አድርገው ይመድቧቸዋል። የዱሩና የጓሮው ሽታ ግን አንድ አይደለም፤ ለቅቤ የሚፈለገውም የጓሮው ነው። የጓሮውን ዓይነት ጠብቀው ያቆዩት፣ በምጣድ አጠገብ ቆመው የሚሻለውን ቅጠል በአፍንጫቸው የለዩ እናቶች ናቸው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ተክል የሚኖረው አንድ ሰው እስከ ተንከባከበው ድረስ ነው። ከሰፈሩ ሁሉም ሰው ቢተወው በጫካ ውስጥ ሄዶ የሚፈልገው አይኖርም።

ጤና አዳም ከቡና ጋር፣ ዳማከሴ ከምች ጋር ስማቸው ተያይዞ ይነሳል። ስለ ጤና አዳም አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ብርቱ ፀሐይ ቢመታው ቆዳን ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፤ ስለዚህ በቀትር ከመቁረጥ በጠዋት ወይም በማታ መቁረጥ፣ እጅንም መታጠብ ይሻላል። ነፍሰ ጡር እናቶችም አብዝተው እንዲጠጡት አይመከርም። የጓሮ መድኃኒት ሁሉ የዋህ ነው የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ጎድቷል። በከተማ ግቢዎች ለውበት የሚተከለው፣ እንደ መለከት ያለ ረጅም አበባ ወደ ታች የሚያንጠለጥለው ቁጥቋጦም ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዛማ በመሆኑ ሕፃናት ባሉበት ቤት ባይኖር ይመረጣል።

ከሁሉ ይልቅ በከተማ ግቢ ሲታይ የሚያስገርመው እንሰት ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሚሊዮኖችን የሚመግበው ይህ ተክል በሰሜኑ ክፍል በአብዛኛው ኮባ ተብሎ ለቅጠሉ ሲባል ይተከላል፤ ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር የሚያገኘውን ጠረን የሚያውቅ ያውቀዋል። በአውሮፓ ደግሞ ለምግብም ለዳቦም ሳይሆን ለግርማው ብቻ ይተከላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ250 ዓመታት በፊት ወደ ጎንደር በመጣበት ዘመን እንሰትን በሥዕልና በጽሑፍ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1853 ደግሞ የብሪታንያ ቆንስላ የነበረው ዋልተር ፕላውደን ዘሩን ለንደን አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ላከ። ዛሬ በብዙ የአውሮፓ መናፈሻዎች በበጋ ወደ ውጭ እየወጣ፣ በክረምት ወደ ሞቃት ቤት እየገባ ይኖራል። ባዕድ ሰው ለውበቱ ይህን ያህል የሚደክምለትን ተክል እኛ ከማጀት ዕቃ ብቻ መቁጠራችን ትንሽ ያስቆጫል።

እንሶስላም እንዲሁ ነው። ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበትን ቀለም ከሥሩ የሚያገኙበት ይህ የደጋ ተክል ነጭና ሐምራዊ የተቀላቀለበት የሚያምር አበባ አለው፤ በውጭ አገር የአበባ ወዳጆች ግቢም ይታያል። በየአጥሩና በየገደሉ የሚበቅለው ቀጋ ደግሞ የአገራችን የራሷ ጽጌረዳ ነው። የውጭ ጽጌረዳ ለመግዛት ብዙ ብር የሚያወጣ ሰው ቀጋን እንደ እሾህ ቆርጦ ሲጥል ማየት የተለመደ ነው።

የጓሮ ስብስብ ለባለቤቱ ደስታ ብቻ የሚቀር አይደለም። በኢትዮጵያ ወደ 6,000 የሚጠጉ ከፍተኛ ዕፅዋት እንዳሉ፣ ከእነዚህም ከመቶ አሥር ያህሉ በሌላ አገር እንደማይገኙ ይገመታል። ይህን ሀብት ለመጠበቅ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በመዲናዋ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም በ705 ሄክታር ላይ አገር በቀል ዕፅዋትን ያሰባስባል። ነገር ግን ቀዝቃዛ መጋዘን ዘርን ያቆያል እንጂ አጠቃቀሙን አያቆይም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ተመራማሪ ዘመደ አስፋው ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለ ኢትዮጵያ የጓሮ እርሻዎች ባሳተሟቸው ጥናቶች ያሳዩት ጓሮ የብዙ ዓይነት ዕፅዋት መጠበቂያ መሆኑን ነው። አርሶ አደሩ ከቤቱ ጀርባ የሚያኖረው ጌሾ፣ የሐበሻ ጎመን፣ በሶብላና ትርንጎ ከዚሁ ይቆጠራል። በጣና ዳር ያለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬትም በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው የታወቀው ሰው በዛፍ ጥላ ሥር የሚወደውን ተክል እየጨመረ ስለኖረ ነው።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። አብነትን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ትልቁ ጠላት ድርቅ ሳይሆን በጣሳ ውስጥ የሚጠራቀም ውኃ ነው። ቆርቆሮው ከታች ካልተበሳ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም ውኃ እንደጠማው ሁሉ ስለሚጠወልግ ባለቤቱ ይብሱን ውኃ ይጨምርበታል። ስለዚህ ከማጠጣት በፊት ጣትን አፈር ውስጥ ከትቶ መፈተሽ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። አፈሩ ላይ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይጨመርበት፤ የቡና አተላም በመጠኑ ሲሆን ይረዳል። በሶብላ ውርጭ ስለማይወድ በኅዳርና በታኅሣሥ ከግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ አበባው ጫፉ ላይ ሲያቆጠቁጥ መቀንጠስም ቅጠል እንዲያበዛ ያደርገዋል፣ ለዘር የሚሆኑ ሁለት ሦስት ቅርንጫፎች ግን ይተዉለት። ጠጅ ሳር ሥሩን ከፍሎ በመትከል ይበዛል። ዳማከሴና ኮሰረት ከቁራጭ ይጸድቃሉ። እንሰት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እንደ ሙዝ ከጎኑ ልጅ ስለማያወጣ አምቾው መሐሉ ያለው ቡቃያ ተቆርጦ ከፍግ ጋር በአፈር ይቀበራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ብዙ ቡቃያ የሚሰጠው።

አሰባሳቢ ሁሉ የሚጠነቀቅበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ውበት አንዳንድ ጊዜ ያታልላል። የጣናን ሐይቅ ያስጨነቀው እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በወይን ጠጅ አበባው ምክንያት ሰዎች ወደየአገራቸው ስለወሰዱት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፣ በጣና ላይ መኖሩ የተረጋገጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የወፍ ቆሎም በብዙ ቦታ የተተከለው ለአጥርና ለአበባው ነበር። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ሲያደርሱ የግጦሽ መሬትን ይወርራል፣ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። ስሙንና ጠባዩን የማያውቁትን ባዕድ ተክል፣ በተለይም በውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን፣ በወንዝ ዳር መጣል ጎረቤትን ሳይሆን ወረዳን ዕዳ ውስጥ ይከትታል።

የልደታ ነባር መንደሮች ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በመልሶ ማልማት ብዙ ተለውጠዋል። ቤት ሲፈርስ ሰው ዕቃውን ይጭናል፤ ጓሮው ግን በዚያው ይቀራል። ከግቢ ወደ ፎቅ የሚገባ ሰው ዕፅዋቱን ሁሉ ይዞ መውጣት አይችልም፣ ልጅነቱን ከሥሩ የተጫወተበትን የኮክ ዛፍ ማንሣትማ ከቶ አይታሰብም። ቁራጭ ግን በአንድ ፌስታል ይገባል። የመነሻው ቀን ከመድረሱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ከጽጌረዳው፣ ከዳማከሴውና ከኮሰረቱ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ቅርንጫፎች ቢቆረጡ፣ የታችኛው ቅጠላቸው ተነቅሎ ግማሽ ቁመታቸው በእርጥብ አፈር ቢተከልና በጥላ ቢቆዩ ለጉዞው የሚበቃ ሥር ያበጃሉ። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት መትከል፣ አንዱን ይዞ መሄድ፣ ሌላውን በሰፈሩ ለሚቀር ሰው መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ የወሰዱት በአዲሱ በረንዳ ቢደርቅ የሰጡትን ተመልሶ ለመለመን መንገዱ ክፍት ይሆናል።