የተዘጋን የእጅ ሥራ በደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ ስለ ማስነሣት

ለአንድ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ባለጸጋ ወይም ከባንክ ሳይገኝ ሲቀር፥ ከብዙ ሰዎች ጥቂት በጥቂት ተሰብስቦ ሥራው እንዲፈጸም ማድረግ በአገራችን የኖረ ልማድ ነው። የወልድያና የመርሳ ነጋዴ፥ የሀብሩም ገበሬ ዕቁብን ከአባቶቹ ወርሶታል። የታላቁ የኅዳሴ ግድብ መሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለበት ጊዜ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ድረስ፥ ቦንድ በመግዛትና በስጦታ የተባበረው ሕዝብ ይህንኑ ልማድ በከፍተኛ ደረጃ አሳይቶአል።

በውጭ አገር ያሉ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ደግሞ ይህን የመሰለውን አሠራር ለንግድ አውለውታል። ይኸውም ዕቃው ገና ሳይሠራ ገዢዎች አስቀድመው እንዲከፍሉና በተከፈለው ገንዘብ ዕቃው እንዲሠራ ማድረግ ነው። ጉዳዩ በሰሜን ወሎ ላለው ነጋዴ ሩቅ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ጦርነት በወልድያና በአካባቢዋ ብዙ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘርፈዋል። ሙያው በእጁ፥ ደንበኛውም በአካባቢው እያለ፥ ለብድር የሚያስይዘው ንብረት ስላጣ ብቻ ሥራውን ሊቀጥል ያልቻለ ሰው አለ። ስለዚህ የዚህን አሠራር ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ ማወቅ ይገባል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ዮርክ የተቋቋመው ኪክስታርተር የተባለው ድርጅት ባለሙያው ሊሠራ ያሰበውን ዕቃ፥ የሚያስፈልገውን ገንዘብና የመክፈያውን የጊዜ ገደብ በኢንተርኔት ለሕዝብ እንዲያስታውቅ ያደርጋል። ደጋፊው እንደ ከፈለው መጠን ከትንሽ መታሰቢያ ጀምሮ እስከ ዋናው ዕቃ ድረስ ይጠብቃል። የተወሰነው ገንዘብ በጊዜው ካልሞላ ከማንም ላይ ምንም አይወሰድም። ከሞላ ግን ድርጅቱ ከመቶ 5 ለራሱ ያስቀራል፤ የገንዘብ ማስተላለፊያ ክፍያም በተጨማሪ ይቀነሳል። ጉድለት ባለው ገንዘብ ሥራ ተጀምሮ በመካከሉ እንዳይቆም የሚከለክለው ይህ «ወይ ሙሉው ወይ ምንም» የሚለው ደንብ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ አገር የፋት ቻንስ የተራራ ቢስክሌት ታሪክ ነው። ክሪስ ቻንስ የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1982 በማሳቹሴትስ ግዛት በሰመርቪል ከተማ ፋት ሲቲ ሳይክልስ የተባለውን ወርክሾፕ አቋቋመ። የቢስክሌቱ ቴላዮ ከብረት ቱቦ በእጅ እየተበየደ የሚሠራ ስለ ነበረ፥ ቍጥሩ ጥቂት ቢሆንም ጥንካሬው በጋላቢዎች ዘንድ ስም አስገኘለት። በተለይ ዮ ኤዲ የተባለው ዓይነት ዝናው ሰፊ ሆነ። ነገር ግን ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ተሸጦ ሥራው ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ተዛወረ። በሰመርቪል ከቀሩት ሠራተኞች አንዳንዶቹ በሚቀጥለው ዓመት ኢንዲፔንደንት ፋብሪኬሽን በሚባል ስም የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ፤ የፋት ሲቲ ሥራ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ።

ከሽያጩ 20 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ፥ ክሪስ ቻንስ በኪክስታርተር አማካይነት የቀድሞ ወዳጆቹን ጠርቶ የጠየቀውን ገንዘብ አገኘ፤ ፋት ቻንስ የሚለውም ስም እንደገና በቴላዮ ላይ ተጻፈ። በዚህ ውስጥ ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት አለ። ባለሙያው ፋብሪካም ሆነ የተከማቸ ዕቃ አልነበረውም። የነበረው ሀብት በደንበኞች ልብ የቀረው መልካም ስሙ ነበረ። ይሁን እንጂ የድሮውን ዕቃ እንደ ነበረ መልሶ መሥራት አይበቃም ነበር። በቀድሞው ዘመን የተራራ ቢስክሌት ጎማ 26 ኢንች ሲሆን፥ በ2015 ገበያው ወደ 27.5 እና ወደ 29 ኢንች ተዛውሮ፥ ፍሬኑም ወደ ዲስክ ተለውጦ ነበረ። ስለዚህ የቆየ ስም የሚያስነሣ ሰው ደንበኛው የሚወደውን መልክ ጠብቆ ዕቃውን ከዘመኑ ፍላጎት ጋር ማስማማት ግድ ይሆንበታል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የሚሳካ አይደለም። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኢታን ሞሊክ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፥ በኪክስታርተር ገንዘብ ካገኙት ሥራዎች ከመቶ 9 ያህሉ ቃል የገቡትን ዕቃ ሳያስረክቡ ቀርተዋል። ከሚያስረክቡትም ብዙዎቹ ይዘገያሉ። «ኩሌስት» የተባለው የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን እ.ኤ.አ. በ2014 ከ62,000 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ፥ አንዱን ሣጥን ለመሥራት የሚወጣው ወጪ ከተቀበለው ዋጋ ስለ በለጠ፥ በ2019 ሲዘጋ 20,000 ያህል ከፋዮች ዕቃቸውን አላገኙም ነበር። የገዢው ብዛት ድርጅቱን አላዳነውም፤ በእያንዳንዱ ዕቃ የሚከስር ሰው ብዙ በሸጠ መጠን ኪሣራው ይበዛልና።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የዋጋ ሂሳብ መሠራት አለበት። ለምሳሌ ያህል በመርሳ አንድ ወርክሾፕ 100 ዕቃ ለመሥራት ከእያንዳንዱ ደንበኛ 4,000 ብር ቢቀበል፥ ጠቅላላ ገቢው 400,000 ብር ይሆናል። ለመሣሪያ 90,000፥ ለጥሬ ዕቃ 150,000፥ ለደመወዝ 100,000፥ ለማጓጓዣና ለልዩ ልዩ ወጪ 40,000 ቢወጣ፥ የሚተርፈው 20,000 ብር ነው። የጥሬ ዕቃው ዋጋ ከመቶ 20 ቢጨምር ግን ወጪው በ30,000 ብር ያድግና ትርፉ ወደ 10,000 ብር ኪሣራ ይለወጣል።

ጥሬ ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ያህል የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቶአል። ከዚያ በፊት ዋጋውን በብር ወስኖ ገንዘብ የተቀበለና ብረት ቱቦውን፥ ካቴናውን ወይም ፍሬኑን ገና ያልገዛ ሰው ቢኖር፥ ልዩነቱን የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነበረ። ለዚህ መድኃኒቱ ገንዘቡ እንደ ተገኘ የውጭውን ዕቃ አስቀድሞ መግዛት፥ ወይም ስለ ዋጋ ለውጥ በውሉ ውስጥ ግልጽ አንቀጽ ማስገባት ነው።

ይህን አሠራር ከዕቁብና ከአክሲዮን ለይቶ ማየትም ያስፈልጋል። በዕቁብ እያንዳንዱ አባል በተራው ያንኑ ያዋጣውን ገንዘብ ያገኛል፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለትም ዋስ ይጠራል። በቅድሚያ ክፍያ ከፋዩ ገዢ ብቻ ነው፤ ዕቃውን ይጠብቃል እንጂ ከትርፉ አይካፈልም። ከትርፍ ድርሻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ነገሩ የአክሲዮን ሽያጭ ሆኖ በሕግ ይመራል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግን የተካው አዋጅ ቍጥር 1243/2013 ስለ አክሲዮን ማኅበር አመሠራረት ይደነግጋል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቍጥር 1248/2013 መሠረት ደግሞ አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው መግለጫውን ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አቅርቦ ማስመዝገብ አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር በስልክ ሲሸጥ 47,377 ሰዎች ከ3.2 ቢሊዮን ብር በላይ ገዝተዋል። ሆኖም ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ስለ ነበረ፥ የታወቀ ድርጅት እንኳ ያሰበውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደማይሰበስብ ከዚህ ይታያል።

ሌላው ነገር የንግድ ምልክት ነው። መልካም ስም ዋና ሀብት ከሆነ፥ ስሙ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የሰመርቪል ሠራተኞች ሙያውን ይዘው ሲወጡ በሌላ ስም መሥራታቸውን ልብ ይሏል። በአገራችን አዋጅ ቍጥር 501/1998 የተመዘገበ የንግድ ምልክት ለ7 ዓመት እንዲጠበቅና እንዲታደስ ይፈቅዳል። በወሎ ደጋ ከበግ ጠጉር ባና የሚሠሩ ባለሙያዎች በማኅበር ሆነው ስማቸውን ቢያስመዘግቡ፥ ዕቃቸው አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ሲደርስ ከአስመሳይ ይጠበቃሉ።

በወልድያ ወይም በመርሳ እንዲህ ያለውን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ቀጥሎ የተጻፈውን ቢያስተውል ይጠቀማል። ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት አንድ ሙሉ ናሙና ሠርቶ ያሳይ፤ ናሙናውን ሲሠራም ትክክለኛውን ወጪ ያገኘዋል። የተሰበሰበውን ገንዘብ በራሱ ሱቅ ሂሳብ ውስጥ ሳይቀላቅል ለብቻው በባንክ ያስቀምጥ፤ ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ሰዎችም በጋራ ፊርማ ያንቀሳቅሱት። የሚፈለገው መጠን በተወሰነው ቀን ካልሞላ ገንዘቡ ለየባለቤቱ እንደሚመለስ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ለእያንዳንዱ ከፋይ ደረሰኝ ይስጥ። የማስረከቢያውንም ቀን ሲወስን ከገመተው በላይ ጊዜ ጨምሮ ያስታውቅ፤ ቢዘገይ ምክንያቱን ደንበኛው ሳይጠይቀው ይንገረው።

ከፋዩም በበኩሉ የሚከፍለው ገንዘብ ሊጠፋ እንደሚችል ዐውቆ፥ ቢያጣው ቤቱን የማይጎዳውን ያህል ብቻ ሊሰጥ ይገባል። ባንክ ላበደረው ገንዘብ ንብረት ይይዛል፤ የዚህ ዓይነቱ ከፋይ ግን የሚይዘው የባለሙያውን ቃል ነው። ስለዚህ ቃሉን የሚያጥፍ አንድ ሰው ቢገኝ፥ ጉዳቱ ከእርሱ አልፎ በዚያው ገበያ ከእርሱ ቀጥሎ ተመሳሳይ እርዳታ የሚጠይቁትን ሁሉ ይነካል።