ከመረቡ በላይ የቆመ ክብር

የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች መረብ ኳስ ቡድን፣ ሆኖሉሉ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ተመልካች በሚይዘው የስታን ሸሪፍ አዳራሽ ሲጫወት ምሽቱ የክብር ድግስ መልክ ይይዛል። አቀባዩ በጣቶቹ ጫፍ ዳስሶ ያነሳትን ኳስ፣ አጥቂው 2 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው መረብ ላይ ተንሳፍፎ ይጠብቃታል፤ ክንዱ ሲወነጨፍም አዳራሹ በአንድ ድምፅ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በተከታታይ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን የሆነው ይህ ቡድን፣ የወንዶች መረብ ኳስ የሚገባውን ቦታ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚያምር ሕያው ማስረጃ ነው።

የስፖርቱ የዘር ሐረግም የከበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ማሳቹሴትስ ውስጥ በሆልዮክ ከተማ ተወልዶ፣ በ1970 የመጀመሪያውን ብሔራዊ የኮሌጅ ወንዶች ሻምፒዮና ሲያገኝ ዋንጫውን ያነሳው የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ ነበር። እስከ 2012 ድረስ ቡድኑን የመሩት አሠልጣኝ አል ስኬትስ 19 ዋንጫዎችን ሲሰበስቡ፣ በእጃቸው ያለፈው ካርች ኪራይ ደግሞ በአዳራሽም በባሕር ዳርቻም የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቋል። በ1994 ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከካሊፎርኒያ ውጭ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሲሆን፣ ይህ ጥበብ የአንድ ግዛት ርስት ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ።

ከዚህ ሁሉ ግርማ ጀርባ ግን እጅግ ጠባብ በጀት ነበር። ለአሥርተ ዓመታት የአሜሪካ ፉትቦል በከፍተኛው ደረጃ 85 ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲፈቀድለት፣ ለወንዶች መረብ ኳስ የተፈቀደው አራት ተኩል ብቻ ነበር፤ አሠልጣኞችም ያችኑ ለመላው ቡድን በጥንቃቄ ያከፋፍሏት ነበር። ወጪ መቀነስ ሲመጣም መጀመሪያ ዓይን የሚጣልባቸው ገቢ የማያስገቡ ስፖርቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የኦሎምፒክ ሜዳልያ ተሸላሚዎቹን ወንድማማቾች ካዊካና ኤሪክ ሾጂን ያፈራውን ባለ ሁለት ዋንጫ ቡድኑን ጨምሮ 11 ስፖርቶችን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የቀድሞ ተማሪዎችና ስፖርተኞች ተደራጅተው በጽናት ተከራከሩ፤ በግንቦት 2021 ዩኒቨርሲቲው ውሳኔውን ሻረ።

የስፖርቱ የዛሬ ዕድገት ምስጢርም በዚሁ የወዳጆች ትጋት ውስጥ ይገኛል። ፈርስት ፖይንት የተባለው ፋውንዴሽን አዲስ ቡድን ለሚያቋቁሙ ኮሌጆች መነሻ ገንዘብ ይሰጣል፤ ከአሜሪካ መረብ ኳስ ፌዴሬሽን ጋር በመተባበር ለታሪካዊ የጥቁሮች ኮሌጆች ሊግ ያበረከተው 1 ሚሊዮን ዶላርም ጨዋታውን ለአዲስ ትውልድ ከፍቷል። ከሊጉ አባላት አንዱ የሆነው የጆርጂያው ፎርት ቫሊ ስቴት በ2024 ከብሔራዊው ሻምፒዮና ተሳታፊዎች ተርታ ተሰልፏል። ለአነስተኛ የግል ኮሌጆችም የወንዶች ቡድን ማቋቋም ብልህ ምርጫ ነው፦ አዳራሹም መረቡም ለሴቶቹ ቡድን አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ ቡድኑን ብለው የሚመጡት ወጣቶች ደግሞ የትምህርት ክፍያ ይዘው ይገባሉ። ነፃ የትምህርት ዕድል ለስፖርት የማይሰጡት የሦስተኛው ዲቪዚዮን ኮሌጆች ከ2012 ጀምሮ የራሳቸው ሻምፒዮና አላቸው።

የወንዶች መረብ ኳስ የኖረው በውበቱ ብቻ አይደለም፤ ውበቱን ያዩ ሰዎች ድምፃቸውንና ገንዘባቸውን ስላዋጡለት ነው። የጥበብ ወዳጅ የሆኑት አንባቢም የውድድሩ ወቅት በጥር ሲከፈት አንድ ምሽት ይስጡት፤ የሞላ ወንበር ለዚህ ስፖርት ከሁሉ የሚበልጥ ጠበቃ ነው።