የሕፃን ሳምባ ለምን ቶሎ ይዘጋል?

ጉንፋን ቤት ሲገባ አባት አስነጥሶት ያልፋል፤ የ3 ወሩ ሕፃን ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ጉንፋኑ ያው ነው፤ የሚለየው ሳምባው ነው።

በቁጥር እንየው። 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የአየር ቧንቧ ውስጡ ዙሪያውን በ1 ሚሊሜትር ቢያብጥ 6 ይቀረዋል፤ አየር ለማስገባት የሚጠይቀው ጉልበት 3 እጥፍ ገደማ ይሆናል። 4 ሚሊሜትር የሆነው የሕፃን ቧንቧ እንዲሁ ቢያብጥ ግን 2 ብቻ ይቀረዋል፤ ጉልበቱም 16 እጥፍ ይደርሳል። የደረቱ አጥንት ገና ለስላሳ ስለሆነ አየር ለመሳብ ሲታገል ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ሌላም ችግር አለበት። ውሃ የነካው ፌስታል እርስ በርሱ ተጣብቆ አልከፈት ሲላችሁ አይታችኋል። በሳምባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶችም እርጥብ ናቸው። እንዳይጣበቁ የሚያደርጋቸው ሳምባው ራሱ የሚሠራው ሳሙና መሰል ፈሳሽ ነው፤ እሱም የሚበረክተው በእርግዝናው መጨረሻ ነው። ፍየልና በግ ያረባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያለቀኑ የተወለደ ግልገል ጥቂት አቃስቶ ይሞታል። የኒውዚላንዱ ሐኪም ዶክተር ሊጊንስ ግን ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ያገኙ የበግ ጽንሶች ያለቀናቸው ተወልደውም ሲተነፍሱ አዩ፤ ይህንንም በ1969 እ.ኤ.አ. ጻፉ። በ1972 ደግሞ ከዶክተር ሃዊ ጋር በእናቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አወጡ። ዛሬ ምጥ ቀድሞ ለመጣባት እናት በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው መርፌ የመጣው ከእነዚያ ግልገሎች ነው። መርፌው የሚጠቅመው ሕፃኑ ሳይወለድ ሲሰጥ ስለሆነ፣ እህቶቻችን፣ 9ኛው ወር ሳይገባ ምጥ ከጀመራችሁ ወይም የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።

ያመመውን ልጅ ሳያለቅስና ሳይጠባ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ትንፋሹን 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከቆጠራችሁ ይዛችሁት ኑ። ደረቱ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን መቁጠር አያስፈልግም፤ ሌሊትም ቢሆን አምጡት።

እንጥል ማስቆረጥን በተመለከተ፦ ያበጠው ቧንቧ ያለው ደረት ውስጥ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ያለውን እንጥል መቁረጥ አይከፍተውም። የሚያተርፈው ደም መፍሰስና ቁስል ነው፤ መንገድ ላይ የሚባክነው ሰዓትም አለ።

ልጁን ስታመጡት ቀና አድርጋችሁ እቀፉት፤ መጥባት ከቻለ ጡት አትከልክሉት። የማገዶ ጭስ ካለበትም ቤት አርቁት።