የካዙንጉላው ጎባጣ ድልድይ

ቦትስዋናንና ዛምቢያን የሚያገናኘው የካዙንጉላ ድልድይ ቀጥ ያለ አይደለም። ዛምቤዚን እንደ ቀስት ጎብጦ ነው የሚሻገረው፤ ርዝመቱ 923 ሜትር ነው። ለሚያየው ሰው መሐንዲሱ ለውበት ብሎ ያጎበጠው ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ቀጥ ቢል ኖሮ ዚምባብዌ ውስጥ ይገባ ነበር።

እዚህ ቦታ ላይ ናሚቢያ፣ ቦትስዋና፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። ሦስት አገሮች አንድ ነጥብ ላይ ቢገናኙ ብርቅ አይደለም፤ እኛም ሙሳ ዓሊ ተራራ ላይ ከኤርትራና ከጅቡቲ ጋር እንገናኛለን። አራት የተለያዩ አገሮች የሚገናኙበት ነጥብ ግን በዓለም ላይ የለም። ካዙንጉላ ለዓመታት "አለ"፣ "የለም" ሲያከራክር የኖረ ቦታ ነው።

መነሻው 1890 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጀርመንና ብሪታንያ አፍሪካን ሲቀራመቱ፣ ጀርመን ከዛሬዋ ናሚቢያ ተነስቶ ዛምቤዚ ድረስ የሚዘልቅ ቀጭን መሬት አገኘች። ስሙንም በቻንስለሯ በካፕሪቪ ጠራችው። በወንዙ ወርዳ ሕንድ ውቅያኖስ ለመድረስ አስባ ነበር ይባላል፤ የቪክቶሪያ ፏፏቴ ግን ከካዙንጉላ ዝቅ ብሎ መንገድ ላይ ተገትሯል!

የቀጭኗ መሬት ጫፍ የሚያልቀው የቾቤ ወንዝ ዛምቤዚን በሚቀላቀልበት ቦታ ነው። ድንበሩም ያለው ውኃ ውስጥ ነው፤ የብስ ቢሆን ድንጋይ ተክሎ መገላገል ይቻል ነበር። ሁለቱ ወንዞች በትክክል የት ላይ ነው የተገናኙት? መስመሩን ትንሽ ወዲህ ቢስቡት አራቱም ይነካካሉ፤ ትንሽ ወዲያ ቢሉት ለቦትስዋናና ለዛምቢያ 150 ሜትር ገደማ የጋራ ድንበር ይተርፋቸዋል።

150 ሜትር ምን ይፈይዳል? ቦትስዋና በ1966 ነፃ ስትወጣ ደቡብ አፍሪካ፣ በደቡብ አፍሪካ እጅ የነበረችው ናሚቢያና ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ዙሪያዋን ከበዋት ነበር፤ ሁሉም በነጮች አገዛዝ ሥር። ከዚህ ከበባ የምታስወጣት በር በካዙንጉላ የምትመላለሰው መኪና አሻጋሪ ጀልባ ነበረች። በ1970 ደቡብ አፍሪካ አራቱ ግዛቶች አንድ ነጥብ ላይ ነው የሚገናኙት፣ ስለዚህ ከዛምቢያ ጋር ድንበር የላችሁም፣ ጀልባዋም ሕገ ወጥ ናት አለቻት። ቦትስዋና አልተቀበለችም። ጀልባዋ ላይ ተተኮሰ፤ በ1979 ደግሞ የሮዴዥያ ጦር ለወታደር ታገለግላለች ብሎ አሰጠማት። ይህ ለእኔ የካርታ ክርክር አይደለም፤ በር የመዝጋት ጉዳይ ነው።

አገዛዞቹ ሲወድቁ ክርክሩ በረደ፣ የጀልባው ወረፋ ግን ባሰ። ከባድ መኪኖች ወንዙ ዳር ቀናት ተገትረው ይከርሙ ነበር። በ2003 ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና ጀልባውን ገልብጦ 18 ሰዎች ሞቱ።

ቦትስዋናና ዛምቢያ በ2007 ድልድይ ለመሥራት ሲስማሙ፣ የጋራ ድንበር አለን ማለታቸውም ነበር። ዚምባብዌ ያኔ አልገባችበትም፤ ስለዚህ ድልድዩ ጎበጠ። በሜይ 2021 ሲመረቅ ከእንግዶቹ መካከል አንዱ የዚምባብዌው ፕሬዚዳንት ኤመርሰን ምናንጋግዋ ነበሩ።